ፎርሙን የሚሞላው ማነው?

አሰላ ላይ አንድ ሕፃን «ስታድግ ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ሲባል መልሱ ከእሱ አይጠበቅም። እናቱ ቡናዋን እየቆላች፣ ፊቷን እንኳ ሳታዞር «ዶክተር ነዋ!» ትላለች። ጎረቤት ይስቃል፣ ልጁም ይስቃል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ነገሩ እዚያው ቢያበቃ ማንም አይጎዳም ነበር። ግን አያበቃም። ያው ልጅ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲገባ «ናቹራል ነው ሶሻል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ቤት ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ የፍሬሽማን ኮርሶቹን ጨርሶ ዲፓርትመንት ሲመርጥ ደግሞ መልሱ በስልክ ይመጣለታል። ፎርሙ ላይ የእሱ ስም አለ፣ የእሱ ፊርማ አለ። የመረጠው ግን ሌላ ሰው ነው።

እኛ የዚያ ፎርም ልጆች ነን። ከአሰላ፣ ከኢተያ፣ ከሁሩታ፣ ከሳጉሬ፣ ከበቆጂ ተነስተን አዲስ አበባ ላይ የተጠራቀምን ነን። ገሚሳችን የማንወደውን ሙያ ይዘናል፣ ገሚሳችን በያዝነው ሙያ ሥራ አጥተናል፣ ጥቂቶቻችን ደግሞ ቤተሰብ ሳይሰማ የምንወደውን እንሠራለን። (አዎ፣ በመካከላችን ለእናቱ «ባንክ ገብቻለሁ» ብሎ ፎቶ ቤት የሚሠራ አለ። ስሙን አንናገርም፤ የጎረቤት ልጅ አንብቦ ይነግርብናል።) የዛሬው ጽሑፍ ለወላጆቻችን ነው። እነሱ ስለማያነቡት እናንተ አድርሱልን።

መጀመሪያ ፍርዱ እንዳይጣመም ፍርሃታቸው ከየት እንደመጣ እንናገር። የአርሲ ገበሬ ልጁን «ተማር፣ ከዚህ አፈር ውጣ» የሚለው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት፣ አገሬው «ካዱ» የሚለው፣ አሰላ ላይ ተቋቋመ። ምርጥ ዘር መጣ፣ ማዳበሪያ መጣ፣ ብድር መጣ፣ ምርት አደገ። ከዚያስ? እርሻ ገንዘብ እንደሚያመጣ ያየው ባለርስት ትራክተር እያስገባ ጭሰኛውን ከመሬቱ ያስነሳ ጀመር። አያቶቻችን ያኔ የቀሰሙት ትምህርት ቀላል ነው፦ መሬት ላይ የቆመ ሰው ሌላው በፈለገው ቀን ይነቀላል፣ ወረቀት የያዘ ግን አይነቀልም። የካቲት 1967 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ታወጀና ጭሰኝነት ቀረ። (ሁለቱ 1967ቶች የተገናኙት በዘመን አቆጣጠራችን ጨዋታ ነው፤ በመካከላቸው ስምንት ዓመት ገደማ አለ።) ጭሰኝነቱ ቢቀርም ፍርሃቱ ግን ሥር ሰዷል። ከዚያ ወዲህ የመጣው ደግሞ የማካፈል ጣጣ ነው። አያት የያዘው ለአባትና ለአጎቶች ተከፈለ፤ ለአባት የደረሰው ለአምስት ልጅ ቢከፈል ለእያንዳንዳችን የሚደርሰን የጓሮ ጎመን መትከያ ነው።

ሌላው ምክንያት ጡረታ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ አለው። በ2003 ዓ.ም. ለግል ድርጅት ተቀጣሪም ታወጀለት። ገበሬው፣ ጉልት ቸርቻሪዋ፣ ጋሪ ነጂው ግን ጡረታቸው እኛ ነን። እናም አንድ አባት ለልጁ ሙያ ሲመርጥ የራሱንም እርጅና አብሮ እያስላ ነው። ይሄ ይገባናል። በደንብ ይገባናል። ከዚህ በታች የምናነሳው ክርክርም በእነሱው ስሌት ነው፣ ምክንያቱም ስሌቱ አልገጠመም።

እስቲ ቁጥሩን አብረን እንይ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ ከ2015 ዓ.ም. 3.2፣ ከ2016 ዓ.ም. 5.4፣ ከ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። «ተሻሻለ» የተባለውን የ2017ን ብቻ እንውሰድ። ከመቶ ልጅ ዘጠና ሁለቱ ገደማ አላለፈም። ካለፉት ስምንት ልጆች ደግሞ ስንቱ ሕክምና ይደርሰዋል? መቶዋም እናት ግን ቡናዋን እየቆላች አንድ መልስ ነው የምትሰጠው። ለዘጠና ሁለቱ ልጅ ቤት ውስጥ የተዘጋጀ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር የለም። ያለው አንድ ቃል ነው፦ «ወደቀ»። ዕድለኛው ሪሜዲያል ይገባል፣ ሌላው አጥር ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል፣ አባቱም ከእድር ሲመለሱ ሰላምታውን በግማሽ ይመልሱለታል።

ዶክተሩስ? ቀድሞ አገሪቱ ውስጥ የነበሩት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሦስት ነበሩ፦ አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ጅማ። የወላጆቻችን ሕልም የተሰፋው በዚያ ዘመን ልክ ነው። ያኔ ዶክተር ማለት በአውራጃው ውስጥ በጣት የሚቆጠር፣ ሲያልፍ ሰው ከመቀመጫው የሚነሳለት ሰው ነበር። ዛሬ ትምህርት ቤቶቹ ከሃያ በላይ ሆነዋል፣ አሰላም የራሷ አላት። ጥሩ ነው፣ አገር ሐኪም ያስፈልገዋል። ግን ተመርቆ የጨረሰ ሐኪም ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት አይተናል። ግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች «ደመወዛችን ቤት ኪራይ አልከፍል አለ» ብለው ሥራ እስከማቆም ደርሰዋል፣ የታሰሩም ነበሩ። ሰባት ዓመት ዓይኑን አፍዝዞ የተማረ ሰው ጋውን ለብሶ ስለ አስቤዛ ሲጮህ በቴሌቪዥን ያየች እናት ግን በማግስቱ ለታናሹ ምን አለችው? «አንተ ስፔሻሊስት ትሆናለህ።»

መንግሥትም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለዓመታት ሰባ በመቶውን ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳውን ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እየመደበ «አገር የሚያድገው እንዲህ ነው» ሲለን ቤተሰብ የነበረውን እምነት ማኅተም አደረገበት። ታሪክ የሚወድ ልጅ «ሶሻል የሰነፍ ነው» ተባለ። ከእኛ አንዷ ሥዕል የምትሥልበትን ደብተር አባቷ ምድጃ ውስጥ የከተቱባት የአሥራ አንደኛ ክፍል መዝገብ ሲከፈት ነው። ሲቪል ኢንጂነሪንግ ተመርቃለች። ሥራዋ የሞባይል ካርድ መሸጥ ነው። አባቷን ትወዳቸዋለች፣ በየወሩም ትልክላቸዋለች፣ ስለ ደብተሩ ግን እስከዛሬ ሁለቱም ትንፍሽ አላሉም።

ይሄ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። ሁላችንም ያየነውን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውን «ስሪ ኢዲየትስ» የሚባል የህንድ ፊልም አስታውሱ። የዱር እንስሳት ፎቶ ማንሳት የሚወደውን ልጅ አባቱ ኢንጂነር ካልሆንክ የሚሉትን። ኪራይ ቤት ሰብሰብ ብለን ስናይ የሳቅነውን ያህል ዝም ያልንባቸው ቦታዎች ነበሩ። ራጃስታን ውስጥ ኮታ የምትባል ከተማ አለች፤ ኢኮኖሚዋ የቆመው ለሕክምናና ለምህንድስና መግቢያ ፈተና በሚያስጠኑ ትምህርት ቤቶች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ከሃያ በላይ ተማሪዎች ራሳቸውን አጥፍተዋል። እዚያ ያሉት ወላጆችም ልጆቻቸውን የሚጠሉ አልነበሩም።

አሁን ወደ ሩጫው እንምጣ። አርሲ ተነስቶ ሩጫ ካልተነሳ ወግ አይሆንም።

ኃይሌ ገብረሥላሴ ከአሰላ አካባቢ ገጠር አሥር ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ይመላለስ እንደነበር፣ ግራ ክንዱም ደብተር እንደያዘ ሰው እጥፍ ብሎ የቀረው በዚያ ምክንያት እንደሆነ ያልሰማ የለም። ብዙ ሰው የሚዘለው ግን አለ። አባቱ ሩጫውን አልፈለጉትም። የእርሻ ሥራ እያለ፣ ትምህርት እያለ መሮጥ ጊዜ ማባከን ነበር የመሰላቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው «ኢንዱራንስ» የተሰኘ ፊልም ላይ ሳይቀር ይሄ ክርክር ገብቷል። እኛ አባትዬው ጥፋተኛ ነበሩ አንልም። በዚያ ዘመን ሮጦ የበላ ሰው ስንት ነበር? በአካባቢው ስንቱን አይተው ይመኑ? ልጁ ግን በ1993 ሽቱትጋርት ላይ፣ አሸናፊ መርሰዲስ በሚሸለምበት የዓለም ሻምፒዮና፣ በአሥር ሺህ ሜትር አሸነፈ፤ በ1996 አትላንታ፣ በ2000 ሲድኒ የኦሊምፒክ ወርቅ ደገመ። ከዚያ በፊት በ1992 ባርሴሎና ላይ የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆናለች። ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ ተከታተሉ።

ታዲያ የአርሲ ቤተሰብ ከዚህ ምን ተማረ? «ልጅ የሚወደውን ሲከተል ይሳካለታል፣ እንተወው» ቢል ጥሩ ነበር። የተማረው ሌላ ነው። «ለካ ዶክተር ብቻ ሳይሆን ሯጭም ገንዘብ አለው!» አለና ሩጫን ከሚከለከሉት ዝርዝር አውጥቶ ከሚታዘዙት ዝርዝር ውስጥ ከተተው። ትናንት ሲሮጥ ተገኘ ተብሎ የተገረፈ ልጅ ነበር፤ ዛሬ አልሮጥም በማለቱ የሚሰደብ ልጅ አለ። ዕድሜው ሁለትና ሦስት ዓመት ተቀንሶ የሚመዘገብ አለ፣ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ክለብ ሲጠብቅ ሃያ አምስት የሞላው አለ። በቆጂ ላይ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ፣ የስፖርት መምህር ሆነው ጀምረው ስንቱን ለወርቅ ያበቁት ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው የሯጮች ከተማ ፊልም ዓለም አውቋቸዋል። ያ ፊልም ካሸናፊዎቹ ይልቅ በመንገድ የቀሩትን ልጆች ስለሚከተል ነው የወደድነው። ሜዳው ላይ በየማለዳው የሚፈስሰውን ልጅ ቁጠሩና ይሄን አስቡ፦ መላው ኢትዮጵያ በቶኪዮውም በፓሪሱም ኦሊምፒክ ያገኘችው አንድ አንድ ወርቅ ነው። ከሚኒስትሪው ፈተና ይልቅ የሩጫው ፈተና ጠባብ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ክርክራችን ስለ ሙያው ዓይነት እንዳልሆነ እዚህ ጋ ይታያል። ዶክተርነት ጥሩ ነው፣ ሩጫም ጥሩ ነው። ልጁ ግን በሁለቱም ጊዜ ዕቃ ነበር። ጥሩነሽ ዲባባን አስቡ። በ1992 ዓ.ም. ገደማ በአሥራዎቹ ዕድሜ ከበቆጂ አዲስ አበባ የመጣችው ዘመዶቿ ዘንድ ሆና እንድትማር ነበር። የምዝገባ ጊዜ አለፋት። ወደ ቤት ብትመለስ የሚጠብቃት ትዳር ነው። ሩጫ ጀመረች፣ ክለብ ገባች። በኋላ ቤጂንግ ላይ ሁለት ወርቅ፣ ለንደን ላይ ሌላ ወርቅ። እኛ ይሄን ታሪክ በሰማን ቁጥር የምናስበው ምዝገባው ክፍት ቆይቶ ቢሆን ኖሮ ስለሚለው አይደለም። እሷ የተረፈችው ሁለቱም በር በተዘጋበት ቀን ሦስተኛውን ራሷ ስለከፈተች ነው። የሷን እግር ያልታደሉት የሰፈሯ ልጆችስ?

እነሱን እናውቃቸዋለን። አረብ አገር ናቸው። ለልጃገረድ የሚሞላው ፎርም የተለየ ነው። ካለፈች መምህርት ወይ ነርስ፣ ካላለፈች ወይ ባል ወይ ሳዑዲ። በሬ ተሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ ደላላ ተከፍሎ፣ «ለአንድ ሁለት ዓመት ነው፣ ኢንተለ ኮ፣ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሰሽ ትመለሻለሽ» ተብላ ትሸኛለች። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ ስታባርር ከአውሮፕላን በነጠላ ጫማ የወረዱትን አይተናል። በዓመቱ ስንቷ ተመልሳ ሄደች! ያቺ ልጅ ከመሄዷ በፊት «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ የጠየቃት ሰው አለ? ያገኘናቸው የነገሩን አጭር ነው፦ የጠየቀን ደላላው ነው፣ እሱም «የት አገር?» ብሎ ነው።

የእጅ ሙያውን ጉዳይ ባጭሩ እንለፈው፣ የታወቀ ነውና። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ቴክኒክና ሙያ የገባ ልጅ አሁንም «ምን ያድርግ፣ ነጥብ አልመጣለትም» ይባልለታል። ብየዳ የሚሠራው ጓደኛችን አሰላ ላይ የራሱን ሱቅ ከፍቶ ሁለት ልጆች ቀጥሯል። እናቱ ሰው ሲጠይቃቸው የሚያወሩት ግን መንግሥት ቤት ስላለው ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ያ ታላቅ ወንድም በየወሩ መጨረሻ ከበያጁ ይበደራል። ሙዚቃንማ አታንሱት። ጥላሁን ገሠሠ እንኳን አያቱ «ትምህርትህ ላይ አተኩር» እያሉት ለዘፈን ብሎ ከወሊሶ ወደ አዲስ አበባ የጠፋ ልጅ ነው። ዛሬ ሠርጋችን ላይ የእሱን ዘፈን የሚያዙ አባቶች ናቸው ልጃቸው ክራር ሲገዛ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብለው የሚደነፉት።

እኛን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበን ግን እርሻው ነው።

የምንኖረው ስንዴ ላይ ነው። ከአሰላ ወጣ ብሎ ቁልምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስንዴ ላይ የሚሠራ። የብቅል ፋብሪካ አለ፣ ገብስ የሚፈልግ። አርሲ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ትምህርት ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ መጥቶ «ቁብሳ» የሚባለውን የስንዴ ዝርያ ሲፈጀው፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ የግንድ ዋግ «ዲገሉ»ን ሲመታ በባሌና በአርሲ ስንቱ ጎተራ ባዶ ቀረ። ያንን በሽታ የሚያጠና፣ የሚቋቋም ዘር የሚያወጣ ሰው የአገሩ ዶክተር አይደለም ወይ? ከመቶ የአርሲ እናቶች ግን አንዷም «ልጄ የስንዴ በሽታ ያጠናል» ብላ ስትኮራ ሰምተን አናውቅም። ግብርና ዲፓርትመንት የደረሰው ልጅ ዶርም ውስጥ ሲያለቅስ ግን ሰምተናል፤ «አሥራ ሁለት ዓመት የተማርኩት ተመልሼ አፈር ልገፋ ነው?» እያለ። ያንን ዓረፍተ ነገር ከየት እንዳመጣው ታውቃላችሁ። አባቱ በሬ እየጠመዱ ሲነግሩት ያደገው ነው።

እዚያው ሜዳ ላይ በመኸር ወቅት ኮምባይነር ይዞ የሚመጣው ሰው በኩንታል እያሰበ ተቀብሎ ወደሚቀጥለው ወረዳ ይሄዳል። ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። የእኛን ስንዴ አጭዶ የኑሮውን ቤት የሠራ ነው። አባቶቻችን በአክብሮት ቡና ያፈሉለታል፣ «ጎበዝ ልጅ!» ይሉታል። የራሳቸው ልጅ «አባዬ፣ ኮምባይነር መንዳት ልማር፣ ጥገናውንም ልወቅ» ቢላቸው ግን «ለሹፌርነት ነው ያስተማርኩህ?» ነው መልሳቸው።

ወጣቶቹም ቅዱሳን አይደለንም። ቤተሰብ መረጠልኝ ማለት የሚመች ጥግ ነው፤ ካልተሳካ የሚወቀስ ሰው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። የምንፈልገውን የማናውቅም ብዙ ነን። አሁን ደግሞ የወላጅን ፎርም ቀድደው የቲክቶክን ፎርም የሞሉ አሉ፣ እሱም ሌላ ጌታ ነው። ግን የሚፈልገውን ማወቅ የሚማር ሰው ከልጅነቱ ተጠይቆ መልስ የሰጠ ሰው ነው። «ዝም በል፣ ታላቅ ሲናገር» ተብሎ ያደገ ልጅ በሃያ ዓመቱ ድንገት «በል ምርጫህን ተናገር» ቢባል ምን ይላል? የሚያውቀውን ነው የሚለው። ዶክተር ነዋ።

ወላጆቻችንን የምንጠይቀው ገንዘብ አይደለም። አብዛኞቻችሁ ማረስ ሲከብዳችሁ መሬቱን ለባዕድ በእኩል ወይም በኮንትራት ትሰጣላችሁ። በዚያው ብር ያንን ማረስ የሚፈልገውን ልጅ ከተማ ልካችሁ የግል ኮሌጅ ውስጥ አካውንቲንግ ታስተምሩታላችሁ። እስቲ ለአንድ መኸር ሁለት ጥማዱን ለእሱ ስጡት። በነጻ አይደለም፤ ከባዕዱ የምትወስዱትን ግማሽ ከእሱም ውሰዱ፣ ውሉንም በሽማግሌ ፊት ጻፉ። ከሰረ፣ ባዕዱም ከስሮ ያውቃል። የዘንድሮው ኮንትራት አዝመራው ሲገባ ያልቃል። ጥር ላይ፣ ሌላ ሰው ቀብድ ሳይሰጣችሁ በፊት፣ ልንጠይቃችሁ እንመጣለን።